ፍላቮኖይድ፦ የዕፅዋት ማንነት በቤተ ሙከራ የሚለይበት ውህድ

ፍላቮኖይድ ዕፅዋት በቅጠላቸው፣ በአበባቸው፣ በፍሬያቸውና በቅርፊታቸው የሚሠሯቸው የአንድ ሰፊ የውህድ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። እስካሁን ተለይተው የታወቁት አባላቱ ከ6,000 በላይ ናቸው። ቃሉ ከኬሚስቶች ክፍል ወጥቶ በመድኃኒት ማሸጊያ፣ በማር ጥራት ምርመራና በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ እየተለመደ መጥቷል። የማርና የመድኃኒት ዕፅዋት አገር ለሆነው ለዋግ ኽምራ ደግሞ ጥቅሙ የቅርብ ነው። ከሰቆጣ የሚወጣ አንድ ጆንያ ደረቅ ቅጠል ወይም አንድ ባልዲ ነጭ ማር ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው ተክል እንደተገኘ በማስረጃ ለመናገር ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ በዚህ ውህድ በኩል ያልፋል። ይህ ጽሑፍ ቃሉን ከአማርኛ አቻዎቹ ጋር ያስተዋውቃል፤ ምን እንደሚነግረን፣ ምን እንደማይነግረንም ያብራራል።

ከጤና አዳም እንጀምር

ጤና አዳም ከቡና ጋር የምትቀርብ፣ ፍሬዋም ከበርበሬ ጋር የሚደለዝ የጓሮ ተክል ናት። የሳይንስ ስሟ ሩታ ካሌፔንሲስ ነው። በአውሮፓ የምትበቅል እህቷ ሩታ ግራቬኦለንስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1842 ኦገስት ቫይስ የተባለ የኑረምበርግ መድኃኒት ቀማሚ ከዚህችው ከአውሮፓዋ ጤና አዳም አንድ ብጫ ውህድ አነጠረ፤ ውህዱም በተክሏ ስም ሩቲን ተባለ። ሩቲን በእኛዋም ጤና አዳም ውስጥ ይገኛል። ዛሬ በዓለም ላይ ዕፅዋት በሚመረመሩባቸው ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሩቲን ብልቃጥ አይጠፋም።

ሩቲን ሲፈታ ኩዌርሴቲን የሚባል ፍላቮኖይድና ከእርሱ ጋር የተያያዙ ሁለት ስኳሮች፣ ግሉኮስና ራምኖስ፣ ይገኙበታል። ኩዌርሴቲንን በየቀኑ እንበላዋለን፤ ቀይ ሽንኩርት ከታወቁት ምንጮቹ አንዱ ነው። የቤተሰቡ አባላት ሁሉ አንድ አጽም ይጋራሉ፦ በአንድ ወገን ስድስት ካርቦን ያለው ቀለበት፣ በሌላው ወገን ሌላ ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት፣ በመካከላቸው ሁለቱን የሚያገናኙ ሦስት ካርቦኖች፤ በድምሩ 15። በዚህ አጽም ላይ ኦክስጅን፣ ስኳር ወይም ሌላ ቅንጣት በተለያየ ቦታ ሲንጠለጠል ነው ሺዎቹ ዓይነቶች የሚፈጠሩት። ፍላቮን፣ ፍላቮኖል፣ ፍላቫኖን፣ አይሶፍላቮን፣ ካቴኪንና አንቶሲያኒን የቤተሰቡ ዋና ዋና ቅርንጫፎች ናቸው።

ተክሉ ፍላቮኖይድን የሚሠራው ለራሱ ጉዳይ ነው። አንደኛው ከፀሐይ መከላከል ነው፤ ፍላቮኖይዶች ጎጂውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ውጠው ከሥራቸው ያለውን የቅጠል ሥጋ ያድናሉ። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የሰቆጣ ምድር ይህ ጨረር ከቆላው ይበረታል። ሁለተኛው ቀለም ነው፤ የአበባና የፍሬ ቀይ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ መልክ በብዛት የአንቶሲያኒን ሥራ ሲሆን ንቦችን የሚጠራው አንዱ ምልክት ነው። ሦስተኛው ከአፈር ጋር መነጋገር ነው። የጥራጥሬ ሥሮች ወደ አፈር ፍላቮኖይድ ይለቃሉ፤ ናይትሮጅንን ለተክሉ የሚያዘጋጁት ሪዞቢየም ባክቴሪያዎች ያንን ጥሪ ሰምተው ነው ሥሩ ላይ እባጭ የሚሠሩት። ጥልቅ ቀለም ያላቸው አንዳንድ የማሽላ ዝርያዎች ወፍ የማይደፍራቸውም በዘራቸው ሽፋን ውስጥ ባለው ታኒን ምሬት ሲሆን፣ ያ ታኒን የተሠራው ከፍላቮኖይድ ቅንጣቶች ነው።

ስሙና አማርኛው

ፍላቮኖይድ የሚለው ስም ሥሩ ላቲን ነው፤ ፍላቩስ ማለት ብጫ ማለት ነው። ስለዚህ ‹ብጫ ውህድ› ብሎ መተርጎም ይቀናል። ይህ ትርጉም ግን ተማሪን ያሳስታል፤ አንቶሲያኒኖች ቀይና ሰማያዊ ናቸው፣ የሻይ ቅጠል ካቴኪኖች ደግሞ ጭራሽ ቀለም የላቸውም። ፕሮቲንንና ቫይታሚንን እንደተቀበልን ሁሉ ፍላቮኖይድን በስሙ ተቀብሎ፣ ሲያስፈልግ ‹የዕፅዋት ባለ 15 ካርቦን ውህድ› ብሎ ማብራራት የተሻለ ነው። አማርኛ በእርግጥ የሚያስፈልገው ለሥራው ቃላት ነው። ሦስቱን እንዲህ እንድንላቸው ሐሳብ አቀርባለሁ።

መለያ ውህድ፦ በአንድ ተክል ውስጥ በመኖሩ ወይም በመጠኑ ያ ተክል እርሱ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚያገለግል ውህድ።

ማመሳከሪያ ንጥር፦ ንጽሕናው በቁጥር የታወቀ፣ በብልቃጥ ታሽጎ የሚቀመጥ፣ የናሙናው ውጤት ከእርሱ ጋር የሚነጻጸርበት አንድ ብቸኛ ውህድ። የገበያ ሚዛን ያለ ድንጋዩ እንደማይመዝን ሁሉ፣ መሣሪያው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ያለ ማመሳከሪያ ንጥር ቁጥሩ ትርጉም አይኖረውም።

የውህድ አሻራ፦ ከአንድ ተክል የሚገኙ ውህዶች ሁሉ በአንድ ምርመራ ላይ የሚሰጡት ሙሉ ሥርዓት፤ የትኛው ቀድሞ ወጣ፣ የትኛው በዛ፣ የትኛው ጎደለ የሚለው በጥቅሉ።

ለመለያነት ፍላቮኖይዶች የሚመረጡበት ምክንያት አለ። በአብዛኛው ዕፅዋት ውስጥ ይገኛሉ፤ ነገር ግን የትኞቹ በምን መጠን እንደሚገኙ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ጥላ ውስጥ በወግ በደረቀ ቅጠል ላይ ብዙዎቹ ሳይበላሹ ይቆያሉ። አልትራቫዮሌት ብርሃንን አጥብቀው ስለሚውጡም በቀላሉ ይታያሉ።

ቅጠሉ ቤተ ሙከራ ሲገባ

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ በጤና አዳም ላይ እንየው። አንድ ግራም የደረቀ የቅጠል ዱቄት ይመዘናል። 10 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ይጨመርበትና በ60 ዲግሪ የውሃ መታጠቢያ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይሞቃል፤ ከዚያ ይጣራል። አረንጓዴው ጭማቂ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ተቀድቶ በሲሊካ ጄል በተለበጠ ሰሌዳ ግርጌ ላይ ይነጠባል። ከጎኑ የሩቲን ማመሳከሪያ ንጥር ይነጠባል። ሰሌዳው ከሥሩ ጥቂት ፈሳሽ ባለበት የተከደነ ብርጭቆ ውስጥ ይቆማል፤ ፈሳሹ ኢታይል አሲቴት፣ ፎርሚክ አሲድ፣ አሴቲክ አሲድና ውሃ በ100፣ 11፣ 11 እና 26 እጅ የተቀላቀሉበት ነው። ፈሳሹ ሰሌዳውን እየረጠበ ሽቅብ ሲወጣ ውህዶቹን ይዞ ይወጣል፤ አንዱ ሲሊካው ላይ ተጣብቆ ይዘገያል፣ ሌላው ይፈጥናል። ሩቲን መንገዱን ሲያጋምስ ወይም ከዚያ በታች ይቀራል።

ሰሌዳው ደርቆ ኤን.ፒ. የተባለው መርጫ ሲነፋበትና 366 ናኖ ሜትር በሚያወጣው የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሲገባ ለዓይን የማይታየው ሁሉ ይወጣል። ሩቲንና የኩዌርሴቲን ወገኖች ብርቱካንማ ሆነው ይበራሉ። የኬምፕፌሮልና የአፒጄኒን ወገኖች ወደ ብጫ አረንጓዴ ያደላሉ። ፍላቮኖይድ ያልሆኑ ፌኖሊክ አሲዶች ደግሞ ሰማያዊ ሆነው በመካከል ይታያሉ። በጤና አዳሙ መስመር ላይ ከማመሳከሪያው ሩቲን እኩል ከፍታ ላይ ያው ብርቱካንማ ነጥብ ከታየ አንድ ማስረጃ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ዘዴ ቲ.ኤል.ሲ. ይባላል፤ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ብዙ ናሙና ጎን ለጎን ያሳያል።

ሁሉም ቅጠል ግን በአንድ ፈሳሽ አይፈታም። በዋግ ተረተሮች ላይ አፈሩ ከተራቆተ በኋላም የሚቋቋመው ክትክታ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቅጠሉ በእጅ ሲታሽ የሚያጣብቅና የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለው፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ ስኳር ያልተያያዘባቸው፣ ቅባት ነክ ባሕርይ ያላቸው ፍላቮኖይዶች ይገኛሉ። ለጤና አዳም የተዘጋጀው ፈሳሽ እነዚህን ሁሉ በአንድነት ገፍቶ የሰሌዳው ጫፍ ላይ ያከማቻቸዋል። ለእነርሱ እንደ ቶሉይን ያለ፣ ከውሃ የራቀ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ተክሉን የሚያውቅ ሰው ቅጠሉን ዳስሶ ‹ይህ ያጣብቃል› ሲል የሚሰጠው መረጃ ለኬሚስቱም መነሻ ነው።

መጠን ሲፈለግ ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. የሚባለው መሣሪያ ይመጣል። ጭማቂው በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ዓምድ ውስጥ ይገፋል፤ እያንዳንዱ ውህድ በራሱ ደቂቃ ይወጣል፣ መሣሪያውም የሚውጠውን ብርሃን ይመዘግባል። ፍላቮኖሎች በ240 እና በ280፣ እንዲሁም በ300 እና በ380 ናኖ ሜትር መካከል ሁለት ጉብታ ያሳያሉ። ሰዓቱም ጉብታውም ከማመሳከሪያው ሲገጥም መለያው ይጸናል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ዝርዝር አለ። ሩቲን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከሦስት የውሃ ሞለኪውል ጋር ተያይዞ ነው። ውሃ የሌለበት ሩቲን ሞለኪውላዊ ክብደት 610.5 ሲሆን ከነውሃው 664.6 ነው። ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያነብ ሁሉንም እንደ ደረቅ ሩቲን የሚመዝን ሰው የተክሉን ሩቲን ወደ 9 በመቶ አጋንኖ ይዘግባል። ስሕተቱ በመሣሪያው ላይ አይታይም፤ ከማመሳከሪያው የተሠራው የመለኪያ መስመር ቀጥ ያለ፣ ውጤቱ ያማረ ሆኖ ይወጣል።

‹ፍላቮኖይድ አለበት› ማለት አይበቃም

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች አንድ የተለመደ ሠንጠረዥ አላቸው፤ የተክሉ ጭማቂ ላይ የማግኒዥየም ቁራጭና ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመራል፣ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ‹ፍላቮኖይድ፦ አለ› ተብሎ የመደመር ምልክት ይደረጋል። ይህ ፈተና ለመማሪያነት ጥሩ ነው። እንደ ግኝት ሲቀርብ ግን ምንም አይነግረንም፤ ፍላቮኖይድ የማይሠራ አበባማ ተክል ማግኘት ይከብዳልና። ጎመንም፣ ሽንኩርትም፣ የሣር ቅጠልም ይህን ምልክት ያገኛሉ።

ጠቅላላ መጠን መለካትም የራሱ ወሰን አለው። አሉሚኒየም ክሎራይድ ሲጨመርበት ብጫነቱ የሚደምቀው ጭማቂ በ415 ናኖ ሜትር ገደማ ይለካና ‹ከኩዌርሴቲን አንጻር ይህን ያህል ሚሊ ግራም› ይባላል። ሁሉም የፍላቮኖይድ ቅርንጫፍ ግን ለዚህ ፈተና እኩል አይመልስም፤ አንዳንዶቹ ምልክት ሳይሰጡ ያልፋሉ። ከዚህ የባሰው ማጭበርበሩ ነው። በዓለም ገበያ የጊንኮ ቅጠል ጭማቂ 24 በመቶ ፍላቮኖይድ እንዲይዝ ይጠበቅበታል። አጭበርባሪ ነጋዴዎች ይህን ቁጥር ለማሟላት ከሌላ ተክል የወጣ ርካሽ ሩቲን ወይም ኩዌርሴቲን ሲቀላቅሉ ተደርሶባቸዋል። ጠቅላላ መጠኑ ያለፈ ናሙና በውህድ አሻራው ተያዘ፤ አንድ ጉብታ ከቀሩት ጋር በማይመጣጠን ሁኔታ ገዝፎ ተገኝቷልና።

መለያ ውህድና ፈዋሽ ውህድም አንድ አይደሉም። ኮሶን እንውሰድ። የኮሶ አበባ እንደ ሌሎች አበቦች ፍላቮኖይድ አለው፤ የኮሶ ትልን በማስወጣት የሚታወቁት ውህዶቹ ግን ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባል ሌላ ቤተሰብ ናቸው። በኮሶ ውስጥ ፍላቮኖይድ መገኘቱ ዱቄቱ ኮሶ መሆኑን ለመለየት ይረዳ ይሆናል፤ ለመድኃኒትነቱ ምስክር ሊሆን ግን አይችልም።

ፍላቮኖይድ ሁሉ ለጤና ይበጃል ማለትም ስሕተት ነው። ዲዮስሚንና ሄስፔሪዲን የተባሉት ፍላቮኖይዶች ተጣምረው ለደም መልስ ሥር ችግርና ለኪንታሮት በእንክብል ይሰጣሉ። በሌላ በኩል ዓሣ ለማስከር የሚውለው ብርብራ በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን ይዟል፤ ሮቴኖን የአይሶፍላቮኖይድ ወገን ሲሆን የሕዋሳትን የኃይል ምንጭ የሚያቋርጥ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የሃንጋሪው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂና ባልደረቦቹ ፍላቮኖይዶችን ‹ቫይታሚን ፒ› ብለዋቸው ነበር። በኋላ ግን እጦታቸው በሽታ እንደሚያመጣ ማረጋገጥ ስላልተቻለ ስሙ ቀርቷል። ዛሬ ፍላቮኖይድን ቫይታሚን ብሎ የሚሸጥ ሰው የቀረ ስም ነው የሚሸጠው።

አገራችን በዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የብርብራን ሁለት ንኡስ ዝርያዎች ፍላቮኖይዶች አነጻጽረው በዓለም አቀፍ የዕፅዋት ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ አሳትመዋል። በዓይን የሚመሳሰሉ ሁለት የአንድ ተክል ወገኖችን በውህዳቸው ማየት ማለት ይኸው ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የተፈጥሮ ውህዶች ምርምር መረብ፣ ናፕሬካ፣ ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ተቋም ነው።

የዋግ ነጭ ማር

ዋግ ኽምራ በነጭ ማሩ ስሙ የተጠራ ነው። ንቦቹ ክረምቱ ወጥቶ ተራራው ሲያብብ ከመንተሴና ከሌሎች አበቦች ይቀስማሉ። የማር ፍላቮኖይድ ከአበባው ወለላ፣ ከአበባው ብናኝና ንቦች ቀፏቸውን ከሚለስኑበት ሙጫ ይመጣል። ከሙጫው የሚመጣው ለየትኛውም ማር የጋራ ሊሆን ይችላል፤ መለያ የሚሆነው ከወለላው የሚመጣው ነው። በአውሮፓ ሄስፔሬቲን የተባለው ፍላቮኖይድ የብርቱካን አበባ ማር መለያ፣ ኬምፕፌሮል ደግሞ የሮዝመሪ ማር መለያ ሆነው አገልግለዋል።

ምርመራው እንዲህ ነው፦ ማሩ አሲድ በተጨመረበት ውሃ ይሟሟና ፍላቮኖይድ በሚይዝ ቁስ በተሞላ ዓምድ ውስጥ ያልፋል፤ ስኳሩ ታጥቦ ይሄዳል፣ የቀረው በሜታኖል ተጠርጎ ወደ ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. ይገባል። የአበባው ወለላ ጎን ለጎን ይመረመራል፤ የብናኝ ቆጠራም ይታከልበታል። ለዋግ የመንተሴ ማር እንዲህ ያለ መለያ ቢገኝለት ሻጩ በስም ብቻ የሚናገረውን በወረቀት ያሳያል።

እዚህ ላይ ለነጭ ማር ባለቤቶች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአጠቃላይ ጠቆር ያለ ማር ከነጭ ማር የበለጠ ጠቅላላ ፌኖልና ፍላቮኖይድ ይይዛል። አንድ ገዢ ወይም መርማሪ ‹ፍላቮኖይዱ ብዙ የሆነ ማር የተሻለ ነው› ብሎ ከተነሣ የዋግ ነጭ ማር ያለ ጥፋቱ ዝቅ ይላል። ለነጭ ማር የሚያዋጣው ጥያቄ የትኛው ፍላቮኖይድ ከየትኛው አበባ መጣ የሚለው ነው።

ናሙናው ከነታሪኩ

ቤተ ሙከራ የሚሰጠው መልስ ከመጣለት ናሙና አይበልጥም። ከተከዜ ዳር ከዝቋላ ቆላ የተለቀመና ከደሃና ደጋ የተለቀመ አንድ ዓይነት ቅጠል የፍላቮኖይድ መጠኑ ሊለያይ ይችላል፤ ከፍታው፣ ወራቱ፣ የተክሉ ዕድሜ፣ ፀሐይ ላይ ወይም ጥላ ውስጥ መድረቁ ሁሉ ውጤቱን ይነካል። ስለዚህ ናሙና ሲለቀም ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የተወሰደው ክፍል መጻፍ አለበት። ከዚያው ተክል ቅጠልና አበባ ያለው ቅርንጫፍ በወረቀት መካከል ተጭኖ ደርቆ መቀመጥ አለበት፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ናሙና ማከማቻ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። የተጫነ ናሙና የሌለው ኬሚስትሪ ባለቤቱ እንደማይታወቅ ደብዳቤ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ስሙ ቢያከራክር የሚመሰክርለት የለም።

ስሙም በአማርኛ ብቻ መጻፍ የለበትም። በዋግ ኽምራ ብዙ ሰው ኽምጣና ይናገራል፤ ተክሎቹን ለዘመናት የሚያውቃቸውም በዚያ ስም ነው። አንድ የአማርኛ ስም ከቦታ ቦታ ለሁለት ተክሎች ሲሰጥ የኽምጣናው ስም ሊለያቸው ይችላል፤ ተቃራኒውም ይሆናል። ሁለቱም ስሞች ከሳይንሱ ስም ጎን ሲጻፉ ስሕተት ይቀንሳል።

የዕውቀቱ ባለቤትነትም በሕግ የተጠበቀ ነው። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከማኅበረሰቡ ዕውቀት ወይም ከአገሪቱ ዕፅዋት የሚገኝ ጥቅም ለማኅበረሰቡም እንዲደርስ ይደነግጋል። ከዋግ አዋቂዎች የተክል ስምና ጥቅም ጠይቆ የሚሄድ ተመራማሪ ፈቃድ መጠየቅና ውጤቱን ይዞ መመለስ ግዴታው ነው።

ከዚህ በኋላ ‹ፍላቮኖይድ ተገኘበት› የሚል ማስታወቂያ ወይም ጥናት ያየ አንባቢ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ የትኛው ፍላቮኖይድ? ስንት? በየትኛው ማመሳከሪያ ንጥር ተለክቶ? በሰቆጣና በአካባቢው ያላችሁ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መምህራን ደግሞ ዛሬ ልትጀምሩት የምትችሉት ሥራ አለ። ተማሪዎቻችሁ ከየቀበሌያቸው አንድ አንድ ተክል በአበባው ወቅት ይጫኑ፤ ኽምጣናውን፣ አማርኛውን፣ ቦታውንና ቀኑን አብረው ይጻፉ። ማመሳከሪያ ንጥሩና መሣሪያው ኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ናሙናው ግን ተክሉ ባለበትና አዋቂው በሕይወት ሳለ ካልተሰበሰበ አይገኝም።